«ሥዕልም ትምህርት ነው እንዴ?» ለሚሉን፦ ከኛ በፊት አውሮፓ ስለሄዱት የሥዕል ተማሪዎች

  የዛሬው ረዘም ይላል። ሻይ አፍልታችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሁድ ነው። እዚህ ናይሮቢ በዓይናችን ሥር ያደገች አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጠራም። በስድስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር የመጣች ናት። እናቷ እንጀራ እየጋገረች አሳደገቻት። ልጅቷ እንጀራ ያዘዘ ሰው ስም በሚጻፍበት ደብተር ጀርባ ላይ የእናቷን እጅ፣ ምጣዱን፣ ደንበኛውን ስትስል ያላየ ጎረቤት የለም። አሁን ጀርመን አገር ያለ አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ሥራዎቿን አይቶ ተቀብሏታል። ደብዳቤውን እኔው ራሴ አይቼዋለሁ።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ጀርመን የተማሪ ቪዛ ከመስጠቷ በፊት የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች። ከመስከረም 2024 ወዲህ ይህ 11,904 ዩሮ ነው። ተማሪው ከዚያ ውስጥ በወር 992 ዩሮ እየቆጠረ ያወጣል። በኛ ሽልንግ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው። አሜሪካ ያለች ዘመዷ ግማሹን እችላለሁ ብላለች። የቀረውን ለማዋጣት ተሰበሰብን።

እዚያ ላይ አንድ የማከብራቸው አባት ተነሡና «ለነርስነት ቢሆን ካፖርቴን ሸጬም ቢሆን እሰጥ ነበር። ሥዕል ግን… ሥዕልም ትምህርት ነው እንዴ?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናትየዋ አቀረቀረች። እኔም ዝም አልኩ። ይህን የሚያስጽፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሰፈር ማታቱ ላይ ሥዕል የሚሥል ልጅ ነበረን። እጁ ወርቅ ነበር። እኔ ነኝ ጠርቼ «ይህን ተውና ኮምፒውተር ተማር» ያልኩት። ሰማኝ። አሁን በሪሴትልመንት ሌላ አገር ሄዶ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ለቤተሰቡ ይልካል፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ባለፈው ስንደዋወል «አሁንም ትሥላለህ?» አልኩት። «ምን ልሣል ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ዛሬ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ስለ ትልልቅ ሰዎች ነው የማወራው፤ ግን ተማሪ ስለነበሩበት ዕድሜ ስለሆነ አንቱ አልላቸውም። ይቅርታ ይደረግልኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ሥዕል ልትማር አውሮፓ ስትሄድ ይህች ልጅ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1887 ጣሊያን ተልኮ ቱሪን በሚገኘው የአልበርቲና አካዳሚ ሥዕል ተምሯል። ይኸው የሥዕል ተማሪ ነው በኋላ፣ በ1908፣ የአማርኛን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሮም ላይ ያሳተመው። (በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጋር የነበረው ነገር ሌላ ጣጣ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) አገኘሁ እንግዳ ደግሞ በ1920ዎቹ ተልኮ ፓሪስ ተማረ፤ በ1933 ተመለሰ። እኔ ግን ዛሬ ይዣቸው የምቆየው ከጦርነቱ በኋላ የሄዱትን ሦስቱን ነው።

ማዕድን ሊማር የሄደው ልጅ

አፈወርቅ ተክሌ በ1932 አንኮበር ተወለደ። ነፍስ ሳያውቅ ጣሊያን አገሩን ወረረ። ጠላት ሲወጣ አገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ነበር፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ወጣት ምሁራኑ እየተለቀሙ ተገድለዋልና። ስለዚህ መንግሥት ልጆችን እየመረጠ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። አፈወርቅ በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የተላከው ለሥዕል አልነበረም። የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመጣ ነበር።

እሱ ራሱ በኋላ ደጋግሞ ሲያወራ እንደነበረው፣ ንጉሡ ተማሪዎቹን ሲሸኙ የሰጡት ምክር አጭር ነበር፦ ስትመለሱ በአውሮፓ ስላያችሁት ረጅም ፎቅና ሰፊ መንገድ እንዳታወሩልን፤ አገር የሚሠራ ዕውቀትና አእምሮ ይዛችሁ ኑ።

አሁን የደረሰበትን እንግሊዝ አስቡት። ጦርነቱን ያሸነፈች አገር ናት፤ ግን ዳቦ እስከ 1948 ድረስ በራሽን ነበር። ሥጋ እስከ 1954 ድረስ በራሽን ነበር። ራሽን የሚለውን ቃል ካኩማ ያላችሁ ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የአንኮበሩ ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በማያውቀው ብርድ፣ በኩፖን የሚገዛ ምግብ እየበላ ነው የተማረው። «አውሮፓ ሄደ» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ሌላ ነው።

እዚያ መምህራኑ እጁን አዩ። የሂሳብና የኬሚስትሪ ተማሪ ይሆናል የተባለው ልጅ ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ወደ ስሌድ አለፈ። ስሌድ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለ፣ በእንግሊዝ ከታወቁት የሥዕል ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። እዚያ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን አንዱ እሱ ነው።

ቀኑ ምን ይመስላል? በዚያ ዘመን ስሌድን የሚመራው ዊልያም ኮልድስትሪም የሚባል ሠዓሊ ነበር። የእሱ ትምህርት መለካት ነው። ፊት ለፊትህ ሰው ይቀመጣል። ክንድህን ዘርግተህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ በብሩሽህ ዘንግ ከአገጭ እስከ ግንባር፣ ከትከሻ እስከ ክርን ትለካለህ። አንዱን ምልክት ታደርጋለህ፤ ተሳስተሃል፤ ታጠፋለህ፤ እንደገና። ቀኑን ሙሉ ቆመህ፣ ለቀናት፣ አንድ ሰው ላይ። ማታ ደግሞ ከሰል የሚነድበት ክፍል። በዲሴምበር 1952 ለንደን ለአምስት ቀን በከሰል ጭስ ታፍና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። እሱ የተማረባት ከተማ ያቺ ናት።

በ1954 ተመልሶ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን አሳየ። ከዚያ እንደገና ወጥቶ ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ ግሪክን ዞረ። በመስኮት ላይ የሚሠራውን የመስታወት ሥዕል አጠና። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚያ ጉዞው በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉ የኢትዮጵያ ብራናዎችንም አገላብጧል። ለንደን ካሉት ብዙዎቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። የኢትዮጵያ ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ፈቃድ ጠይቆ የሰው አገር ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት የማን እንደሆነ ሳታውቁ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ስትገቡ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስታወት፣ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ የተሣለበት፣ የእሱ ሥራ ነው። በ1963 የአፍሪካ መሪዎች ድርጅታቸውን ያቋቋሙት በዚያው አዳራሽ ነው። ማዕድን ቢማር ኖሮ ጥሩ መሐንዲስ ይሆን ነበር። ያ መስኮት ግን አይኖርም ነበር።

ሁለት ጊዜ ውጭ የወጣው ሰው

ገብረ ክርስቶስ ደስታም በ1932 ነው የተወለደው፤ ሐረር። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው፣ ብራና የሚጽፉና የሚሥሉ ነበሩ። ልጁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ ግብርና ጀመረ። ሁሉም ደስ አለው፤ ያኔም እንደዛሬው «ሥራ ያለው ትምህርት» ነበር። እሱ ግን ትቶት ወጣ። ያን ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ ቢሆን እኛ ምን እንል እንደነበር እናውቃለን።

በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ጦርነቱ ካለቀ 12 ዓመት ብቻ ነው። የኮሎኝ መሐል ከተማ በቦምብ ፈራርሶ ነበር፤ ሁለት ግንብ ያለው ትልቁ ካቴድራል ግን ቆሟል። ተማሪው ወደ ክፍል ሲሄድ ክሬንና የግንባታ አቧራ ያያል።

እሱ በደረሰበት በዚያው ዓመት ከተማዋ አዲስ የሙዚየም ሕንጻ ከፈተች። ውስጡ ካሉት መካከል ዮሴፍ ሃውብሪሽ የሚባል ጠበቃ ለከተማው የሰጣቸው ሥዕሎች ነበሩ። እነዚያ ሥዕሎች የማን ናቸው? ሂትለር በ1937 «የተበላሸ ጥበብ» ብሎ ያዋረዳቸው፣ ከሙዚየም ያወጣቸው፣ የከለከላቸው ሠዓሊዎች ናቸው። ጠበቃው በዚያ ክፉ ዘመን ይዟቸው ቆየ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ በ1946 ለሕዝብ ሰጠ። እንግዲህ ከሐረር የመጣው ልጅ የተማረው፣ የራሷን ሠዓሊዎች አሳድዳ የነበረች አገር እነሱኑ መልሳ በክብር ስትሰቅል እያየ ነው።

በከፍተኛ ውጤት ጨርሶ በ1962 ተመለሰ። የሚታወቅ መልክ የሌለው፣ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ሥዕል ይዞ መጣ። በ1963 አዲስ አበባ ሲያሳየው አንዱ አደነቀ፣ ሌላው «ይህ የፈረንጅ ነው፤ የኛ አይደለም» አለ። እሱ ግን ሥዕል ትምህርት ቤት እያስተማረ ቀጠለ፤ በ1965 በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ግጥምም ይጽፍ ነበር። «ሀገሬ» የሚለው ግጥሙ ያልተነበበበት የስደተኛ ቤት ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ግጥሙን እንጂ ሠዓሊነቱን አናውቅም።

አሁን የምነግራችሁ ነው ለእኛ የሚበዛው። ከአብዮቱ በኋላ ይህ ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ፣ በስደት አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ውጭ ወጣ። መጀመሪያ ተማሪ ሆኖ፦ ብርዱ አለ፣ ብቸኝነቱ አለ፣ ግን የሚመለስበት አገር አለው። ሁለተኛ ስደተኛ ሆኖ፦ ያው ብርድ፣ ያው ብቸኝነት፣ መመለሻ የለም። ልዩነቱ የአየሩ አይደለም። የመንገዱ ነው። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ጀርመን ተቀምጠው የቆዩ ሥዕሎቹ አዲስ አበባ ገቡ። በ2008 ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። እሱ መመለስ አልቻለም፤ ሥራው ተመለሰ። ነርስም፣ መሐንዲስም፣ ሾፌርም የሚያከናውኑት ታላቅ ሥራ አለ። ሰው ሲከለከል በሰው ፈንታ ድንበር አልፎ የሚገባ ነገር ግን ጥቂት ነው።

ፓሪስ ላይ አፍሪካዊ የሆነው

ሦስተኛው እስክንድር ቦጎስያን ነው፤ ዓለም «ስኩንደር» ብሎ የሚያውቀው። በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። የአባቱ ወገን አርመናዊ ነው፤ አርመኖቹ ራሳቸው ከስደት የመጡ መሆናቸውን አትርሱ። በ1955 ገና ሃያ ሳይሞላው የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለንደን ሄደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ እዚያም ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረ።

ፓሪስ ውስጥ ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ግራንድ ሾሚየር ይባላል። የዚያን ቤት አሠራር ስሰማ ደስ አለኝ፤ የመግቢያ ፈተና የለም። ጥቂት ሳንቲም ከፍለህ ትገባለህ፣ ሞዴሉ መድረክ ላይ ይቆማል፣ አጠገብህ የታወቀ ሠዓሊም ጀማሪም ይቀመጣል፣ ሁሉም ይሥላል። ወረቀትህን ሳይሆን ሥዕልህን ነው የሚያዩት።

ከክፍል ውጭ ግን ወረቀት የሚጠይቅ ነበር። ዘመኑ የአልጄሪያ ጦርነት ነው። በኦክቶበር 17 ቀን 1961 ፓሪስ ውስጥ ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ አልጄሪያውያንን ፖሊስ ገደለ፤ ወንዝ ውስጥ የተጣሉም ነበሩ። በዚያች ከተማ ቆዳው የጠቆረ ተማሪ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ለናይሮቢ ስደተኛ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በሌላ በኩል ፓሪስ ከሴኔጋልም፣ ከማርቲኒክም፣ ከኩባም፣ ከአሜሪካም የመጡ ጥቁሮች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። እስክንድር ከነሱ ጋር ዋለ። የምዕራብ አፍሪካን ተረትና ቅርጽ ከአገሩ ክታብና ጠልሰም ጋር ቀላቀለው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሄዶ፣ ኢትዮጵያዊነቱ ሳይቀንስ፣ አፍሪካዊም ሆኖ ወጣ። በ1963 የፓሪስ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገዛ፤ ቀጥሎም የኒው ዮርኩ ታላቅ ሙዚየም ገዛ። በ1966 ተመልሶ አስተማረ። ከዚያ አሜሪካ ሄደ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሦስት አሥርት ዓመት ገደማ አስተምሮ በ2003 ዋሽንግተን አረፈ። ከእጁ ሥራም፣ ከማስተማርም በላ፤ ቤተሰብ አሳደገ።

እና ዛሬስ?

የአክስቴ ልጅ አሁን ጀርመን ሥዕል እየተማረች ነው፤ በሌላ መንገድ ሄዳ። ቀንሽ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። በቮይስ የላከችልኝን ላሳጥረው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥታ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ትደረድራለች። ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ብቻ ነው መሥራት የሚፈቀድለት፤ ቀኑን በደብተር ትቆጥራለች። ከዚያ ስቱዲዮ። ከሰሉ አፍንጫዋ ውስጥ ስለሚገባ ስትናፈጥ ጥቁር ነው። ሸራ ውድ ስለሆነ ሌሎች ተማሪዎች የጣሉትን ለቅማ፣ በነጭ ቀለም ሸፍና እንደገና ትሥልበታለች። በየሳምንቱ ሥራዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ቆማ ሁሉም ይተቻታል፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ይሉኝታ። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን እሷም ትመልስላቸዋለች። ማታ በጋራ ኩሽና ሽሮ ስትሠራ አብረዋት የሚኖሩት መስኮት ይከፍታሉ፤ ግን ሳህን ይዘው ይመጣሉ። በዓመት አንዴ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፍቶ የከተማው ሰው ሁሉ የተማሪዎቹን ሥራ ያያል። «ያን ቀን ብቻ ሰዎቹ በስሜ ይጠሩኛል» አለችኝ።

በመጨረሻ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። «ዘመድ ሲደውል ምን በላሽ አይለኝም፤ ስልክ መቼ ትልኪያለሽ ይለኛል። ሥዕሌን አሳዪኝ ያለኝ የለም።» እኔም አላልኳትም ነበር። በዚያው ማታ ላኪልኝ አልኳት። የላከችው የአያታችን ጓዳ ነው፤ ጋኑ ሳይቀር።

ወደ እሁዱ ልመለስ

አባቴ፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ አምናለሁ። እርስዎ የተናገሩት ከንቱ አይደለም። ነርስነት ጀርመን አገር እየተከፈለው የሚማሩት ሙያ ነው። እኛ ደግሞ ድሆች ነን፤ ገንዘባችን ማታቱ ትተን በእግር እየሄድን የቆጠብነው ነው። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ ቢሉኝ፣ ለአንዳንዱ ይሆናል፣ ለአንዳንዱ አይሆንም ነው መልሴ። ከሦስቱ አንዱ በስደት እንደሞተ አልደበቅኩዎትም።

ነገር ግን ሥዕልም ትምህርት ነው። ክንድን ዘርግቶ ለሳምንታት አንድ ሰው መለካት ትምህርት ነው። ከኢስሊ ኪራይ ቤት የዓለም ሰው የሚወዳደርበት በር ላይ ደርሳ፣ ሥራዋ ብቻ ታይቶ ገብታለች። ማንም ኬዝሽ የት ደረሰ አላላትም።

የእነ አፈወርቅ ዘመን ተማሪ ላኪው መንግሥት ነበር፤ ሸኚም ተቀባይም ነበረው። የእኛ ልጅ የምትሄደው በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። ሸኚዋ እኛ ነን፤ ተቀባይዋም እኛው ነን። ስለዚህ እንደ ላኪ እናስብ። እዳ ጭነን አንላካት። «ስትደርሺ ላኪ» አንበላት። ይልቅ በየወሩ አንድ ሥዕል ፎቶ አንስታ ለሁላችን ትላክ። የእናቷን ምጣድ ትሣል። የኛን ወረፋ፣ የኛን ደረጃ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚጥለቀለቀውን መንገዳችንን ትሣል። የዚህ ሰፈር ኢትዮጵያውያን እዚህ እንደኖርን የሚመሰክር ብዙ ነገር የለንም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ካርዱም ጊዜው ያልፍበታል።

የፊታችን እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በዚያው ቤት እንገናኛለን። እኔ የሁለት ወር የትራንስፖርቴን ይዤ እመጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ዝም አልልም። ደብተሮቿንም ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ አይታችሁ ወስኑ። ባሕር ማዶ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ከእናቷ ጋር በቀጥታ አገናኛችኋለሁ። እዚህ ጽሑፍ ሥር የኤምፔሳ ቁጥር የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ ሌባ ነው፤ እንዳትልኩ።

ደግሞ ቤታችሁ ደብተር ጀርባ ላይ የሚሥል ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ብቻ «አሳየኝ» በሉት።

ሰላም እደሩ።